የተረሳው ሌሊት፦ ኦክስጅን ሰጪ የውኃ ተክሎች ታሪክና የጨፋ ሜዳ

በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውቅ።

የታሪክ መምህር ስለ ኩሬ ተክል መናገሩ የሚያስገርማችሁ ካላችሁ መልሴ አጭር ነው። ዛሬ በሆቴሉ፣ በትምህርት ቤቱና በመኖሪያ ግቢው ኩሬ እየቆፈርን «ውኃውን የሚያጠራ» ተክል ስንፈልግ የምንከተለው እምነት የራሱ የትውልድ ዘመንና የራሱ አገር አለው። እምነቱም ይህ ነው፦ ተክል ኦክስጅን ይሰጣል፤ ስለዚህ ተክል የበዛበት ውኃ ጤናማ ነው። የመጀመሪያው ሐረግ እውነት ነው። ሁለተኛው ግን ከመጀመሪያው አይወለድም። በሁለቱ መካከል ምን እንደ ተዘለለ ነው ዛሬ የምመረምረው፤ ጉዞዬም ከእንግሊዝ ተነሥቶ ጨፋ ሮቢት ይደርሳል።

በ1771 ጆሴፍ ፕሪስትሊ የተባለው እንግሊዛዊ ቄስና የተፈጥሮ ተመራማሪ፣ ሻማ ነዶ በጠፋበት በተዘጋ ዕቃ ውስጥ አንድ የናና ቅርንጫፍ አኖረ። ከቀናት በኋላ ሻማው በዚያው አየር ውስጥ እንደገና ሊነድ ቻለ። ተክል የተበላሸ አየርን ያድሳል የሚለው አሳብ ከዚህ ተነሣ። ይሁንና ፕሪስትሊ ሙከራውን ሲደጋግም ውጤቱ አንድ ጊዜ ይሳካለት፣ ሌላ ጊዜ ይከሽፍበት ነበር፤ ምክንያቱንም አላወቀም።

ምክንያቱን ያገኘው ሆላንዳዊው ሐኪም ያን ኢንገንሁዝ ነው። በ1779 የበጋ ወራት በለንደን አቅራቢያ ባለ አንድ የገጠር ቤት ተቀምጦ ከአምስት መቶ በላይ ሙከራ አደረገ። ያሳተመውም በዚያው ዓመት ነው። ዘዴው ለዛሬው ጉዳያችን እጅግ የቀረበ ነው፤ ቅጠሎችን ውኃ ውስጥ ያጠልቃል፣ ፀሐይ ላይ ያኖራል፣ ከቅጠሉ የሚወጡትን የአየር አረፋዎች ይሰበስባል። ፀሐይ ሲያገኛቸው አረፋው ይፈልቃል፤ ጥላ ሲያርፍባቸው ያቆማል። ከሥራው ሁሉ በላይ የሚደንቀኝ ግን ሌላው ግማሽ ነው። ኢንገንሁዝ ተክሎች በሌሊት እንደ እንስሳት ሁሉ አየሩን እንደሚያበላሹ በግልጽ ጻፈ። ዛሬ ብርሃን አስተጻምሮ የምንለውና ትንፈሳ የምንለው ሁለቱም በዚያች አንዲት መጽሐፍ ውስጥ ጎን ለጎን ነበሩ። የኋላው ዘመን ቀኑን ይዞ ሌሊቱን ረሳው።

መርሳቱን ለአንድ ሰው ብቻ መስጠት ፍትሐዊ አይሆንም፤ ይሁንና ለታሪኩ ማሳያ የሚመቸው የለንደኑ ኬሚስት ሮበርት ዋሪንግተን ነው። በ1850 ለኬሚስቶች ማኅበር እንዳቀረበው፣ በአንድ ትልቅ የመስተዋት ዕቃ ውስጥ ሁለት ወርቃማ ዓሦችንና ቫሊስኔሪያ የተባለውን፣ ረጃጅም ሪባን የመሰሉ ቅጠሎች ያሉትን ጠላቂ ተክል አኖረ። ተክሉ ለዓሣው ኦክስጅን ይሰጣል፤ የዓሣው ትንፋሽና ኩስ ለተክሉ ምግብ ይሆናል። ጥቂት ቆይቶ የረገፉት ቅጠሎች በስብሰው ውኃውን አደፈረሱት። ዋሪንግተን ቀንድ አውጣዎችን ጨመረ፤ ብስባሹን በሉለት፤ ውኃው ጠራ። ቀንድ አውጣዎቹን አትርሱብኝ፤ ወደ ቦርከና ሸለቆ ስንመጣ ይመለሳሉ።

ከዚህ ሙከራ «ሚዛናዊ አኳሪየም» የሚለው አሳብ ወጣና በቪክቶሪያ ዘመን እንግሊዝ ሳሎኑን ሁሉ ሞላው። ለአንድ መቶ ዓመት ያህል የአትክልት መጻሕፍትና የተክል ነጋዴዎች «ኦክስጅን ሰጪ» የሚለውን ስም እየለጠፉ ጠላቂ ተክሎችን ሸጡ። በ1949 ጄምስ አትዝ የተባለ አሜሪካዊ የዓሣ ሊቅ ሚዛናዊው አኳሪየም ተረት መሆኑን ጻፈ። ክርክሩ ቀላል ነበር፤ በእንዲህ ያለ ዕቃ ውስጥ የዓሣውን ሕይወት የሚያቆየው በዋናነት በውኃው ገጽና በአየሩ መካከል የሚደረገው የጋዝ ልውውጥ እንጂ ተክሉ አይደለም። ተክል የሌለበት ሰፊ ገጽታ ያለው ገንዳ፣ ተክል ከሞላበት ጠባብ ማሰሮ ይልቅ ዓሣ ያኖራል። ስሙ ግን ከገበያው አልወጣም።

ከስሙ ጋር ተክሉም ተጓዘ። ኢሎዲያ የተባለው የሰሜን አሜሪካ ጠላቂ ተክል በ1842 በስኮትላንድ በአንድ የቤተ መንግሥት ኩሬ ውስጥ ተገኘ። በ1840ዎቹ መጨረሻ ኬምብሪጅ ባለው የእጽዋት መናፈሻ በገንዳ ይበቅል ነበር። ከዚያ አንድ ቁራጭ ወደ ቦይ ተጣለ፤ ከቦዩም ወደ ወንዙ ወጣ። በ1852 የዚያ አካባቢ ነዋሪ የሆነው ዊልያም ማርሻል ስለ «አዲሱ የውኃ አረም» መጽሔት አሳትሞ ጀልባ መንቀሳቀስ፣ መረብ መጣል፣ መዋኘት እንኳ እንዳስቸገረ አመለከተ። በአውሮፓ የተሰራጨው ኢሎዲያ ከሞላ ጎደል ሴቴ ብቻ መሆኑን ልብ በሉ። ዘር አላፈራም። አገሩን ሁሉ የሞላው ከተሰባበረ ቁራጭ እያደገ ነው።

የእኛን አገር የነካው ግን ሌላ የጌጥ ተክል ነው፦ እምቦጭ። መነሻው የአማዞን ተፋሰስ ነው። በአበባው ውበት ምክንያት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአትክልት ቦታ ወደ አትክልት ቦታ ተዛወረ፤ ክፍለ ዘመኑ ሳያልቅ ግብፅ ደርሶ ነበር፤ በ1958 በነጭ ዓባይ ላይ ታየ። በኢትዮጵያ በ1965 በቆቃ ግድብና በአዋሽ ወንዝ መኖሩ ተመዘገበ። በ2011 ደግሞ በጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ምሥራቅ ዳርቻ ታየ፤ ከዚያ በኋላ የደምቢያና የፎገራ ገበሬ ደረቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል ያሳለፋቸውን ወራት ሁላችሁም በቴሌቪዥን አይታችኋል።

እምቦጭ አረንጓዴ ነው፤ ብርሃን አስተጻምሮም ያካሂዳል። ታዲያ ኦክስጅኑ የት ይሄዳል? ቅጠሉ ከውኃ በላይ ስለሆነ ወደ አየር ይሄዳል። ለውኃው የሚተርፈው ጥላው ነው፤ ጥላውም ከሥሩ ያሉትን ጠላቂ ተክሎችና አልጌዎች ብርሃን ይነፍጋል፣ የገጹን የአየር ልውውጥ ይከለክላል፤ ሲሞት ሰምጦ ይበሰብሳል፤ ብስባሹም የቀረውን ኦክስጅን ይበላል። እንግዲህ የአንድን የውኃ ተክል ጠባይ ለማወቅ ከስሙ በፊት መጠየቅ ያለበት «ቅጠሉ የት ነው ያለው?» ተብሎ ነው። በውኃ ውስጥ ጠልቆ የሚያድገው ብቻ ነው ኦክስጅኑን በቀጥታ ለውኃው የሚሰጠው። ፊላ፣ ደንገል፣ ሸምበቆና አብዛኛው ቄጠማ ሥራቸው በጭቃ፣ ቅጠላቸው በአየር ነው። ጥቅማቸው ትልቅ ነው፤ ደለል ያጣራሉ፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይመጥጣሉ፣ ወፍ ያሳድራሉ። ነገር ግን «ኦክስጅን ሰጪ» ብለን ለኩሬ ስንተክላቸው ያልሆኑትን እያልናቸው ነው።

አሁን ወደ ጨፋ ልውረድ።

ቦርከና ከደሴ በላይ ካለው ደጋ ተነሥቶ፣ ደሴንና ኮምቦልቻን አቋርጦ፣ በሐርቡ በኩል ወደ ከሚሴ ይወርድና በጨፋ ሜዳ ላይ ይተኛል። «ይተኛል» ያልሁት ሆን ብዬ ነው፤ ተዳፋቱ ሲያልቅ ወንዙ ፍጥነቱን ያጣል፣ ይሰፋል፣ ረግረግ ይሆናል። ከዚያም ወደ አዋሽ ይቀላቀላል። ስሙ ራሱ ይናገራል፤ በአፋን ኦሮሞ ጨፌ ርጥብ፣ ለምለም መስክ ነው፤ የሽማግሌዎች ጉባኤ በእንዲህ ያለ መስክ ላይ ይቀመጥ ስለነበር ጉባኤው ራሱ ጨፌ ተባለ። ሮቢት ደግሞ የገበያ ቀን ስም ነው። ረግረጉና ገበያው በአንድ የከተማ ስም ተጋብተዋል።

ይህን ሜዳ በታሪክ ዓይን ካየነው ዋናው ሰነድ የከብቱ መንገድ ነው። በበጋ፣ ቆላው ሲደርቅ፣ የአፋር፣ የአርጎባ፣ የኦሮሞና የአማራ አርብቶ አደሮችና ገበሬዎች ከብቶቻቸውን ወደ ጨፋ ያመጣሉ። ስለ ግጦሹ ስምምነትም ግጭትም ኖሯል፤ የዚያ ታሪክ ሌላ ንግግር ይጠይቃል። እኔን ዛሬ የሚያሳስበኝ ከብቱ በረግረጉ ላይ የሚሠራው ሥራ ነው። ክረምቱን ያደገው ሣርና ቄጠማ በቦታው ቢቀር ወድቆ ይበሰብስ ነበር። ከብቱ ይበላዋል፤ ሰው ደግሞ ያጭደዋል። ለበዓልና ለቡና ሥነ ሥርዓት የሚጎዘጎዘው ቄጠማ፣ ለቤት ክዳን የሚታጨደው ሣር ሁሉ ከውኃው የመጠጠውን ንጥረ ነገር ይዞ ከረግረጉ ይወጣል። በእርግጥ ከብቱ እበቱን ይተዋል፤ ከመጠን በላይ ሲበዛም ረግረጉን ይረግጠዋል፣ ያደፈርሰዋል። ቢሆንም የኩሬ አያያዝ መጻሕፍት ዛሬ «ማጨድና ማውጣት» እያሉ የሚያስተምሩትን ጥበብ የጨፋ ሰው ያለ መጽሐፍ ኖሮበታል።

ለንጽጽር የጎንደሩን የፋሲል መዋኛ አስቡ። እዚያ ውኃው በተክል አይጠራም፤ ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ በቦይ ይሞላል፣ ከዚያ ይፈስሳል። የቆመ ውኃን ለመያዝ የእኛ አሮጌ መንገድ ወይ ሞልቶ ማፍሰስ፣ ወይ አጭዶ ማውጣት ነበር። «ተክለህ ተወው፣ ራሱን ያስተዳድራል» የሚለው አሳብ የሳሎን አኳሪየም ልጅ ነው።

የዛሬው ጨፋ ደግሞ ሌላ ሸክም ተጨምሮበታል። ከላይ ያሉት ሁለት ከተሞች አድገዋል፤ ፍሳሻቸውና የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪዎች ዝቃጭ በቦርከና ይወርዳል። በ2012 ስለ ጨፋ ረግረግ በታተመ ጥናት ተመራማሪዎች የረግረጉን ጤንነት በውኃ ውስጥ ነፍሳትና በወፎች መለካታቸው የሚታወስ ነው። ወንዙ በክረምት ከተራቆቱት ተራሮች የሚያመጣው ደለል ውኃውን ቡናማ ያደርገዋል። ቡናማ ውኃ ብርሃን አያሳልፍም። ብርሃን የማያገኝ ጠላቂ ተክል ደግሞ ቀኑም ሌሊት ይሆንበታል፤ ኦክስጅን መስጠቱን ትቶ ተጠቃሚ ብቻ ይሆናል። ብዙዎቻችን ተክሉ ውኃውን እንደሚያጠራ እናምናለን። በደለላማ ውኃ ግን ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ነው፤ ውኃው ሳይጠራ ተክሉ አይኖርም።

ይህን ሁሉ እንዳጠና ያነሣሣኝ በጨፋ ሮቢት የሚያስተምር የቀድሞ ተማሪዬ ነው። በትምህርት ቤቱ ግቢ ለማሳያ የሚሆን ኩሬ አስቆፍረው ቆሮሶ ዓሣ ጨምረውበታል። «መምህር፣ ውኃው እንደ ጎመን አረንጓዴ ሆነ፤ ዓሦቹ ንጋት ላይ አፋቸውን ከውኃ በላይ አውጥተው ይቃትታሉ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ምንም ያልሆኑ ይመስላሉ። አንድ ሰው ውኃ የሚያጠራ፣ ሐምራዊ አበባ ያለው ተንሳፋፊ ተክል አመጣላችኋለሁ ብሎናል፤ እንቀበል?» ሲል ጻፈልኝ።

መጀመሪያ የመለስሁለት «እንዳትቀበሉ» የሚል ነው። ሐምራዊ አበባ ያለው ተንሳፋፊ ተክል እምቦጭ ከሆነ፣ ጨፋ የጎርፍ ሜዳ ስለሆነ የትምህርት ቤቱ ኩሬ በአንድ የነሐሴ ሌሊት ከቦርከና ጋር አንድ ውኃ ሊሆን ይችላል። ቦርከናም ወደ አዋሽ ይሄዳል። ከኬምብሪጅ ገንዳ እስከ ወንዙ የነበረው ርቀት ከዚህ የረዘመ አልነበረም።

ቀጥሎ ንጋቱን አስረዳሁት። የጨፋ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 1,450 ሜትር አካባቢ ነው። በዚህ ከፍታ፣ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ ውኃ ከአየር ጋር ተመጣጥኖ ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅን በሊትር 7 ሚሊግራም ያህል ብቻ ነው፤ በባሕር ዳርቻ ቢሆን ከ8 በላይ ይይዝ ነበር። ቀዝቃዛ የአውሮፓ ኩሬ ከዚህ እጅግ የሚበልጥ ተቀማጭ ይዞ ወደ ሌሊት ይገባል። የጨፋው ኩሬ ተቀማጩ ትንሽ ነው፤ አረንጓዴ ያደረገው አልጌ፣ ዓሣውና የታችኛው ጭቃ ሌሊቱን ሁሉ ከዚያች ትንሽ ተቀማጭ ይተነፍሳሉ። ጎሕ ሲቀድ ካዝናው ባዶ ነው። ዓሦቹ የሚቃትቱት ኢንገንሁዝ በ1779 በጻፈው ምክንያት ነው። አምባዛ ቢሆን ኖሮ ከአየር መተንፈስ ስለሚችል በቀላሉ ይቋቋመው ነበር፤ ስለዚህ አምባዛ በሕይወት መገኘቱ ለውኃ ጤንነት ምስክር አይሆንም። የኦክስጅን መለኪያ ያለው ሰው ውኃውን በቀትር ከመለካት ይልቅ ከፀሐይ መውጫ በፊት ይለካ።

የትኛውን ተክል ታዲያ? ጠላቂ የሆነውን፣ ከሩቅ ያልመጣውን። ሴራቶፊለም የተባለው፣ ሥር የሌለውና የቀበሮ ጭራ የሚመስለው ተክል በአገራችን ውኃዎች ይገኛል፤ ጣና ውስጥም አለ። ዋሪንግተን የተጠቀመበት የቫሊስኔሪያ ዝርያም በጣና ይበቅላል። ሁለቱም ጥሩ ናቸው። ለኩሬ ባለቤት ሴራቶፊለም ይቀላል፤ መትከል አያሻውም፣ ውኃ ላይ ከመጣል በቀር። ይሁንና ቀላልነቱ ራሱ አደጋው ነው፤ እንደ ኢሎዲያ ከእያንዳንዱ ቁራጭ ያድጋል። ከኩሬው ስፋት ከሲሶ በላይ እንዳይዝ፣ ከዚያ ሲያልፍ እንዲወጣ መከርሁት። ሲወጣም በአንድ ጊዜ ሁሉ አይወጣ፤ ንጥረ ነገሩን የሚሻማው ተክል በድንገት ሲጠፋ አልጌው ይወርሳል። ዓሣውም እንዲቀነስ፣ ከቦርከና ውኃ በቦይ እንዳይገባ ነገርሁት፤ የዝናብ ውኃ ከጣራ ማጠራቀም ይሻላል። ቆሮሶ ጎጆውን በጭቃ ሲቆፍር ውኃውን ያደፈርሳልና ከታች ጠጠር ቢነጠፍ መልካም ነው።

የአጨዳው ወቅት ላይ ከእንግሊዝኛ መጻሕፍት ጋር እንለያያለን። እነርሱ በመጸው፣ ቅጠል ሳይረግፍና ብርድ ሳይገባ እጨዱ ይላሉ። በጨፋ ብርድ የለም፤ ተክሉ ዓመቱን ሙሉ ያድጋል። እኛን የሚያሰጋን የክረምቱ ደመና ነው። በግንቦት ፀሐይ ኩሬውን የሞላ ተክል በሐምሌ ተከታታይ ደመናማ ቀናት ሲመጡ በቀን የሚያመርተው ይቀንሳል፤ ሌሊት የሚተነፍሰው ግን አይቀንስም። ስለዚህ ዋናው አጨዳ ሰኔ ሳይገባ ይሁን፤ መስከረም ሲጠባ ደግሞ የተረፈው ይታይ።

አሁን ቀንድ አውጣዎቹ። በዋሪንግተን ዕቃ ውስጥ የንጽሕና ሠራተኞች ነበሩ፤ በእኛ ቆላና ወይና ደጋ ግን የውኃ ቀንድ አውጣ የቢልሃርዝያ አስተላላፊ ነው። በሽታው በቦርከና ሸለቆ ለረጅም ጊዜ የታወቀ ነው፤ ቀንድ አውጣዋም የምትኖረው፣ እንቁላሏንም የምትጥለው በውኃ ተክል ላይ ነው። በ1964 አክሊሉ ለማ በዓድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው የታወቀ ታሪካችን ነው። ነገር ግን እንዶድን ዓሣ ባለበት ኩሬ መጨመር አይቻልም፤ ዓሣውንም ይገድላልና። ስለዚህ ጥንቃቄው ከመግቢያው ይጀምራል። ተክሉ ከየትም ይምጣ፣ ሁለት ሳምንት በተለየ ባልዲ ይቆይ፤ በየቀኑ ቅጠሉ እየተገላበጠ ይታይ፤ ዝልግልግ የእንቁላል ክምር ከተገኘ ተክሉ በፀሐይ ደርቆ ይጣል።

የእንግሊዝ የኩሬ መጻሕፍት አንድ ደግ ምክር አላቸው፤ ያጨዳችሁትን ተክል በውስጡ ያሉት ትናንሽ ፍጥረታት ወደ ውኃው እንዲመለሱ አንድ ሌሊት በኩሬው ዳር ተዉት ይላሉ። ተማሪዬ ይህን አንብቦ ሊፈጽመው ነበር። በጨፋ ሮቢት ግን ወደ ውኃው ከሚመለሱት አንዷ ቀንድ አውጣዋ ልትሆን ትችላለች። እዚህ የታጨደው በዚያው ቀን ከኩሬው ርቆ በፀሐይ ይሰጣ፤ በደንብ ሲደርቅ ለአትክልት ኮምፖስት ይሁን። ልጆች በባዶ እግራቸው ገብተው እንዳያጭዱ፤ ረጅም እጀታ ያለው መንሽ ይበቃል። የበሽታው ጥገኛ ወደ ሰው የሚገባው በቆዳ ነው፤ ስለዚህ ኩሬው ለማሳያ እንጂ ለመዋኛ እንዳይሆን አጥር ይደረግለት።

ባለፈው ወር በላከልኝ መልእክት ዓሦቹ ንጋት ላይ መቃተት መቀነሳቸውንና ተማሪዎቹ በየማለዳው 12 ሰዓት ላይ የኩሬውን ሁኔታ በደብተር መመዝገብ መጀመራቸውን ነግሮኛል። ውኃው እስካሁን ሙሉ በሙሉ አልጠራም። ደብተሩ ክረምቱን ካለፈ በኋላ፣ በተለይ የሐምሌና የነሐሴ ገጾች፣ ለባዮሎጂ ባልደረቦቼ የሚጠቅም ይመስለኛል፤ የሚፈልግ ካለ አገናኘዋለሁ።

ስለ ጣናው የእምቦጭ ዘመቻ ከመድረኩ የቀረበው ጥያቄ ሰፊ ስለሆነ በውይይቱ ጊዜ እመለስበታለሁ።